ከኤክሴል ወደ ሲስተም፦ የንግድ ድርጅቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከ5 እስከ 60 ሠራተኛ ላላቸው አስመጪዎች፣ አከፋፋዮችና ሱቆች የተዘጋጀ ነው። ሲስተም ስንል ሽያጭን፣ መጋዘንንና ሒሳብን በአንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር ማለታችን ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከሕንፃ መሣሪያ ንግድ የተወሰዱ ናቸው። ሴራሚክና ፌሮ በሚሸጥ ቤት የሶፍትዌር ችግር ቶሎ ይጋለጣል፤ ዕቃው በሜትር ካሬ ይሸጣል፣ በካርቶን ይቆጠራል፣ በኪሎ ይገዛል።

ሁሉንም ነገር የምንሠራው በኤክሴል ነው። የግድ መቀየር አለብን?

የግድ አይደለም። አንድ ሰው የሚይዘውና ራሱ የሚያርመው ሥራ በኤክሴል ቢቀጥል ጉዳት የለውም፤ ፕሮፎርማ ማወዳደሪያ፣ የወጪ ዕቅድ፣ የትራንስፖርት ስሌት እዚያው ይቆዩ። ችግር የሚጀምረው ያንኑ መረጃ ሦስት ሰው በየራሱ ፋይል መያዝ ሲጀምር ነው። ሽያጭ ክፍል 120 ካርቶን አለ ይላል፣ ስቶር ኪፐሩ 96 ነው ይላል፣ ሒሳብ ክፍል 131 ያሳያል። ሦስቱም ፋይላቸውን ከፍተው ያስረዳሉ፣ አንዳቸውም አልዋሹም፤ ሽያጭ ያልተረከበ ዕቃ ቆጥሯል፣ ሒሳብ ደግሞ ለአቅራቢ የተመለሰውን ገና አልቀነሰም።

ሦስት ምልክቶችን ተመልከቱ። ደንበኛ ቆሞ "ዕቃው አለ?" ሲል መልሱ የሚገኘው መጋዘን ስልክ ተደውሎ ከሆነ፤ የወሩ ሒሳብ ለመዘጋት ከ10 ቀን በላይ የሚፈጅ ከሆነ፤ ፋይሉን የሚያውቀው ሰው ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ሥራ የሚቆም ከሆነ። ከሦስቱ ሁለቱ ካሉ ወደ ሲስተም የመሄጃ ጊዜው ደርሷል። አንዱ ብቻ ካለ ፋይሉን አስተካክሉ፣ ገንዘባችሁንም አታውጡ።

ኤክሴል የስልክና የሒሳብ ቁጥሮቻችንን ለምን ይቀይርብናል?

ቁጥር ስለሚመስሉት ነው። 0911 ብሎ የሚጀምር ስልክ ሲገባ ፊት ያለውን ዜሮ ይጥለዋል። 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ሲገባ ደግሞ ሙሉውን ከማሳየት ይልቅ አሳጥሮ በነጥብና በፊደል ይጽፈዋል። ከሁሉም የከፋው ከ15 አሃዝ በላይ ሲሆን ነው። ኤክሴል በትክክል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ፣ 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ካርድ ቁጥር ሲገባ የመጨረሻዋ አሃዝ ወደ ዜሮ ትለወጣለች። ስልኩን መልሶ ማስተካከል ይቻላል፤ የጠፋችውን አሃዝ ግን ከካርዱ ካልሆነ በቀር ከየትም አታገኟትም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ኮለሙን ምረጡ፣ ዓይነቱን ወደ ቴክስት ቀይሩ፣ ከዚያ ቁጥሩን አስገቡ። ቁጥሩ ከገባ በኋላ ዓይነቱን መቀየር ምንም አያድንም።

የፋይሉ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። አሮጌው የኤክሴል ፋይል የሚይዘው 65,536 ረድፍ ሲሆን አዲሱ 1,048,576 ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው እንግሊዝ ውስጥ የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች በአሮጌው ዓይነት ፋይል ሲሰበሰቡ ትርፉ ተቆርጦ ወደ 15,841 የሚጠጉ ታማሚዎች ለቀናት ከሪፖርት ውጭ ሆነው ነበር። የእናንተ የሽያጭ ዝርዝር እዚያ መጠን ላይ ባይደርስም፣ ከሌላ ፕሮግራም የወጣ ሪፖርት በአሮጌው ዓይነት ከተቀመጠ የረድፉን ቁጥር ማየት ተገቢ ነው።

ፒችትሪ አለን። አይበቃንም?

ለሒሳብ ሥራ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የአገራችን ሒሳብ ሠራተኛ ከኮሌጅ ጀምሮ የሚያውቀው እሱን ነው፤ ይህ ራሱ ትልቅ ሀብት ነው። አምራቹ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረው ዓመታት ቢቆጠሩም አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚባለው፣ የቆየው ቨርዥንም በየቢሮው ይሠራል። የማይበቃው ሁለት ሦስት መጋዘን ሲኖር፣ ዕቃ በተለያየ መለኪያ ሲሸጥ፣ ወይም ሽያጩ በተደረገበት ደቂቃ ስቶኩ እንዲቀንስ ሲፈለግ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የፒችትሪን ዳታ ፎልደር ጉግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ በሚያመሳስለው ቦታ አታስቀምጡ። ፕሮግራሙ ከፍቶ እየጻፈባቸው ያሉትን ፋይሎች ማመሳሰያው በየመሐሉ ሲነካቸው ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ይሆናል፣ ዳታውም ይበላሻል። ወደ ክላውድ መሄድ ያለበት ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣው የባክአፕ ፋይል ነው።

ኢአርፒ (ሁሉንም ክፍል የሚያገናኝ ሲስተም) ገዝተናል፤ ሠራተኛው ግን ተመልሶ ወደ ኤክሴል ገባ። ለምን?

አብዛኛው ሰው መልሱን ከሠራተኛው ስንፍና ወይም ከሶፍትዌሩ ጥራት ይፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ድርጅቱ ስለ ራሱ ሥራ ገና አልተስማማም፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ያልተስማሙበትን ነገር አይቀበልም። በወረቀት ሲሠራ "እሱን እንነጋገርበታለን" ተብሎ ይታለፍ የነበረው ነገር ሁሉ አሁን ስክሪን ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል፣ ሳይሞላም አያሳልፍም።

በሴራሚክ እንየው። 60 በ60 የሆነ የወለል ሴራሚክ ካርቶኑ 4 ፍሬ ቢይዝ 1.44 ሜትር ካሬ ነው። ደንበኛው 50 ሜትር ካሬ ይጠይቃል። 50 ለ1.44 ሲካፈል 34.72 ካርቶን ይመጣል፤ ካርቶን ስለማይቆረጥ 35 ይጫንለታል፣ ማለትም 50.40 ሜትር ካሬ። ሽያጭ ሠራተኛዋ 50 ብላ መዘገበች፣ ስቶር ኪፐሩ 35 ካርቶን ሰጠ። ሲስተሙ ከስቶክ የቀነሰው 50 ብቻ ስለሆነ 0.40 ሜትር ካሬ በወረቀት ብቻ ያለ ዕቃ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ሽያጭ 100 ጊዜ ሲደጋገም 40 ሜትር ካሬ፣ ወደ 28 ካርቶን ገደማ፣ በሲስተም አለ፤ መደርደሪያው ላይ የለም። ቆጠራ ሲደረግ ስቶር ኪፐሩ ይጠረጠራል። እሱም ራሱን ለማዳን በደብተር መያዝ ይጀምራል፣ ደብተሩ ትክክል ስለሚሆን ሁሉም ደብተሩን ያምናል። ሲስተሙ የሚሞተው እዚህ ነው። የጎደለው "ከካርቶን በታች አንሸጥም፣ ዋጋውም የተጫነው ልክ ነው" የሚል አንድ ውሳኔ ነበር።

ፌሮም እንዲሁ ነው። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንዱ ቤርጋ በስሌት 10.66 ኪሎ ይመዝናል። በኪሎ ገዝቶ በቤርጋ የሚሸጥ ቤት፣ ፋብሪካው በሚዛን የሰጠው ክብደት ከስሌቱ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ስለሚል፣ ልዩነቱ የት ሒሳብ ውስጥ እንደሚገባ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ይህን የሚወስነው ፕሮግራመር አይደለም።

የዕቃ ኮድ እንዴት እናውጣ?

አሁን ካለው ዝርዝር ጀምሩ። ከሽያጭ፣ ከመጋዘንና ከሒሳብ ያሉትን ስሞች በሙሉ በአንድ ፋይል አውጡና በፊደል ተራ ደርድሩ። ያን ጊዜ "የብረት ቧንቧ ግማሽ ኢንች"፣ "ጂአይ ፓይፕ 1/2" እና "ቧምቧ 1/2" አንድ ዕቃ መሆናቸው ይገለጣል። ይህን ሥራ ለሶፍትዌር ሻጩ አትስጡት፤ እሱ ቧንቧ አያውቅም። ስቶር ኪፐሩና ከሽያጭ አንድ የቆየ ሰው አብረው ተቀምጠው ይሥሩት። 2,000 ዕቃ ላለው ቤት ሁለት ሰው በቀን 150 ያህል እያጠራ ከሁለት ሳምንት ትንሽ አልፎ ይጨርሳል።

ኮዱ አጭር ይሁን፤ ትርጉም አታሸክሙት። የአገሩን፣ የቀለሙን፣ የአቅራቢውንና የመደርደሪያውን ምልክት ሁሉ ኮዱ ውስጥ የጨመረ ሰው፣ አቅራቢ ሲቀየር ኮዱን ይቀይራል፤ የኋላው ታሪክም ይቆረጣል። ለምድብ ሁለት አሃዝ፣ ለተራ ቁጥር አራት አሃዝ ይበቃል። ቀለምና አገር የየራሳቸው ቦታ አላቸው። የተሰረዘ ዕቃ ኮድ ደግሞ መቼም ለሌላ አይሰጥ።

ስም ስንፈልግ አይገኝም፤ አንዱ ደንበኛ ሦስት ቦታ ተመዝግቧል።

ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሀይ፤ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር አራት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሲፈለጉ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ሶፍትዌሩ መዘጋጀት አለበት። ለሚሠራው ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ስታዩት ጠይቁ፣ ፊት ለፊታችሁም ያሳያችሁ። ከውጭ የመጡ ሲስተሞች ደግሞ "የቤተሰብ ስም" እያሉ በሁለተኛው ስም ይደረድራሉ። እኛ ዘንድ ሁለተኛው የአባት ስም ስለሆነ ዝርዝሩ በአባት ተደርድሮ ይወጣል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ሦስት ቦታ የሚሰጥ፣ በመጀመሪያው የሚደረድር ይሁን። ደንበኛን ለመለየት ግን ስም አይታመንም፤ ድርጅት ከሆነ በቲን ቁጥር፣ ግለሰብ ከሆነ በስልክ ቁጥር መዝግቡ።

የድሮ ዝርዝራችሁ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ተጽፎ ከሆነ ወደ አዲሱ ሲስተም ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ያስቀመጡ ነበሩ። ግዕዝ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፋይሉን መጀመሪያ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አምጡት፣ ከዚያ ቢያንስ 50 ስም በዓይን አረጋግጡ።

የካሽ ሬጂስተሩ ዜድ ሪፖርት (የቀኑ መዝጊያ ሪፖርት) እና ሲስተሙ በሳንቲም ይለያያሉ። ማን ነው የተሳሳተው?

ማንም። ልዩነቱ የሚመጣው ከማጠጋጋት ነው። ቫት ጨምሮ 100 ብር የሆነ ዕቃ ከቫት በፊት 86.9565 ብር ነው፤ ወደ 86.96 ይጠጋጋል። ሦስቱን ለየብቻ ብትሸጡ ድምሩ 260.88 ይመጣል። ሦስቱን በአንድ መስመር ብትመዘግቡ 300 ለ1.15 ተካፍሎ 260.87 ነው። በቀን 200 ደረሰኝ በሚቆርጥ ቤት እነዚህ ሳንቲሞች ይጠራቀማሉ።

ለገቢዎች የሚቀርበው የማሽኑ ቁጥር ስለሆነ ሲስተሙ ማሽኑን እንዲከተል አድርጉ፤ ማሽኑ በየመስመሩ የሚያጠጋጋ ከሆነ ሲስተሙም በየመስመሩ። የቀረችው ልዩነት "የማጠጋጋት ልዩነት" ተብሎ በተከፈተ ሒሳብ ትግባ። ካሸር ልዩነቱን ለማጥፋት ዋጋ እንዲነካካ ግን ፈጽሞ አይፈቀድ። ሲስተሙ በቀጥታ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ደረሰኝ የሚያወጣ ከሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሶፍትዌሩ ከገቢዎች ሚኒስቴር ዕውቅና ያለው መሆኑን በወረቀት ተቀበሉ፤ "በሂደት ላይ ነው" የሚል መልስ አይበቃም።

ሶፍትዌሩን በእኛ አሠራር ልክ ብናስቀይረው አይሻልም?

ሕግና ካላንደር የሚያስገድደውን አስቀይሩ። ልማድ የሚያስገድደውን ግን ሁለት ጊዜ አስቡበት። የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ድርጅት ሊድል እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረውን የኤስኤፒ (የታወቀ የጀርመን ኢአርፒ) ፕሮጀክት 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደወጣበት ተዘግቦ በ2018 አቁሞታል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው ሊድል የስቶኩን ዋጋ በመግዣ ዋጋ መያዙ፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ በመሸጫ ዋጋ መሥራቱ ነበር። ድርጅቱ ልማዱን አልለቅም አለ፣ ሶፍትዌሩ ተቀየረ፣ አንዱ ለውጥ ሌላ ለውጥ እየጠራ ሄደ።

ኦዱ የሚባለውን ኢአርፒ ብንወስድ በየዓመቱ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ ድጋፍ የሚሰጠውም ለመጨረሻዎቹ ሦስት ብቻ ነው። ብዙ ያስቀየራችሁበት ሲስተም ወደ አዲሱ በተሸጋገረ ቁጥር የተቀየረው ሁሉ እንደገና ይሠራል፣ እንደገናም ይከፈልበታል። ስለዚህ ማንኛውም የለውጥ ጥያቄ አንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፦ ምን፣ ለምን፣ ባይደረግ ምን ይጎዳል፣ ማን ጠየቀ። ጠያቂው ይህን መጻፍ ካቃተው ለውጡ አያስፈልግም ማለት ነው።

የታክስ መጣኝ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይጻፍ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ለዓመታት 600 ብር ነበር፤ በሐምሌ 2017 በጸደቀው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆነ። መጣኙን ከሴቲንግ ገብቶ መቀየር የሚችል ቤት በአሥር ደቂቃ ያስተካክለዋል። ሌላው ፕሮግራመሩን ሲፈልግ ደመወዝ ይዘገያል።

የኢትዮጵያ ካላንደርን እንዴት እንፈትን?

"ካላንደር አለው" የሚል ሻጭ ሁሉ አለው ማለት አይደለም። ሦስት ፈተና ስጡት።

የመጀመሪያው ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን አስገቡ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሊላችሁ ይገባል። ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2016፤ ሴፕቴምበር 12። ይህችን አንድ ቀን የሳተ ሲስተም እስከሚቀጥለው ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑን ሁሉ ያዛባል፤ በ2020 መስከረምም ይደግመዋል፣ ምክንያቱም 2019ም ባለ ስድስት ቀን ጳጉሜን ነው።

ሁለተኛው የወር ሪፖርት ነው። የሐምሌን ሽያጭ ስትጠይቁ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ያለውን ማምጣት አለበት። የጁላይን ወር ካመጣላችሁ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው ያሳያችሁ፤ ያ ደግሞ ሁለት የበጀት ዓመት የተቀላቀለበት ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ጳጉሜን ነው። ብዙው ድርጅት ከነሐሴ ጋር አጣምሮ ይዘጋዋል፤ ሲስተሙ ይህን ይፍቀድ። ለጳጉሜን ለብቻው ደመወዝ የሚያሰላ ሲስተም ገጥሞ ያውቃል፤ አምስት ቀን ወር አይደለም።

ውስጥ ውስጡን ዳታቤዙ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ቢይዝ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ይሻላል። ለሰው የሚታየውና የሚታተመው ነው በእኛ መሆን ያለበት።

ሥራውን በሲስተም መቼ እንጀምር? ሐምሌ 1 ጥሩ ይመስለናል።

በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው፤ የሰኔ 30 ቆጠራ ለመነሻ ስቶክ ያገለግላል። ነገር ግን ሒሳብ ክፍሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ያለፈውን ዓመት ዘግቶ ግብር ለማሳወቅ ይሯሯጣል። በዚያ ወቅት አዲስ ሲስተም ከተሰጠው አንዱን ይተወዋል፣ የሚተወውም አዲሱን ነው። የዕቃ ዝርዝር ከመጋቢት ጀምሮ ጠርቶ፣ ሥልጠናው ግንቦት ላይ አልቆ ከሆነ ሐምሌ 1 ጀምሩ። ካልሆነ ኅዳር 1 ወይም ጥር 1 ይሻላል፤ በዕለቱ ቆጥራችሁ ያለፈውን ወር ትራያል ባላንስ (የሒሳቦቹን ሁሉ ቀሪ የያዘውን ዝርዝር) መነሻ ማድረግ ነው።

የገበያ ወቅት ላይ ደግሞ ከቶ አትጀምሩ። የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ በአራት ዓመት ሊሠራ የታሰበውን በ30 ወር አጣቦ ሦስት ሲስተሞችን በአንድ ላይ በጁላይ 1999 እ.ኤ.አ. ሥራ አስጀመረ። ከረሜላ በብዛት የሚሸጥበት የሃሎዊን በዓል ጥቅምት ላይ ነው። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ትዕዛዝ ሳይደርስ ቀረ፤ ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ። ለግንባታ ዕቃ ነጋዴ ክረምቱ እንደወጣ ያለው ጊዜ፣ ለልብስና ለምግብ ነጋዴ የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዋዜማ እንዲሁ ነው።

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ስንት ጊዜ እናስኪድ?

አንድ ሙሉ ወር፤ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ በላይ ከሄደ ሠራተኛው ደክሞት ሥራውን በአሮጌው ይጨርስና በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አዲሱ ይገለብጣል። ያ ሙከራ አይደለም፤ የጽሕፈት ሥራ ነው።

በዚያ ወር በየቀኑ ካሽ ይነጻጸር፤ በየሳምንቱ በብዛት የሚሸጡ 20 ዕቃዎች በእጅ ተቆጥረው ከሲስተሙ ጋር ይታዩ፤ በወሩ መጨረሻ ትራያል ባላንስ ይነጻጸር። ልዩነት ሲገኝ የተፈታበት ምክንያት በአንድ መስመር ይጻፍ። ከወሩ በኋላ የአሮጌው ፋይል ለንባብ ብቻ ተቆልፎ ይቀመጥ። ሥራ አስኪያጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኤክሴል የወጣ ሪፖርት አይቀበል። ባለቤቱ "ለዛሬ ብቻ በኤክሴል አምጣልኝ" ያለ ቀን ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል።

ክላውድ ይሻላል ወይስ ቢሮ ውስጥ ሰርቨር?

ሱቁ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መሸጥ ማቆም ይችላል ወይ ብላችሁ ጀምሩ። ካልቻለ፣ ሽያጩ ኢንተርኔት ሳይኖርም መዝግቦ በኋላ የሚልክ መሆን አለበት፣ ወይም ሰርቨሩ ቢሮ ይሁን። ቅርንጫፎች ካሏችሁና ባለቤቱ ከውጭ አገር መከታተል ከፈለገ ክላውድ ያመቻል፤ ያን ጊዜ ከዋናው መስመር ሌላ የሞባይል ዳታ ራውተር ተጠባባቂ ይዛችሁ፣ በወር አንዴ ዋናውን ነቅላችሁ ሞክሩት። የክላውድ ክፍያው በዶላር ከሆነም የምንዛሪ ለውጡንና ክፍያው በምን መንገድ እንደሚፈጸም ከመፈረማችሁ በፊት ጨርሱ።

ቢሮ ከሆነ መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው ዳታቤዙ ነው፤ እየተጻፈ ሳለ የተቋረጠ ፋይል ላይከፈት ይችላል። ሰርቨሩም፣ ራውተሩም፣ ስዊቹም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ይሁኑ። 650 ቪኤ የሆነ አነስተኛ ዩፒኤስ አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚይዘው። ያ ጊዜ ሥራ ለመቀጠል ሳይሆን አስቀምጦ ለመዝጋት ነው። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰካ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ያጠፋዋል። ባትሪው በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል፤ የተቀየረበትን ቀን ጎኑ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ባክአፕ በፍላሽ እንይዛለን። ችግር አለው?

አለው። ፍላሹ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ከዋለ፣ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሲገባ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቆልፋል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ። በተግባር፦ አንዱ ሰርቨሩ ላይ፤ አንዱ በየማታው ተገልብጦ የሚነቀል ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ (ሁለት ሆነው ቢፈራረቁ ይሻላል)፤ አንዱ ክላውድ ላይ።

ያልተሞከረ ባክአፕ ደግሞ አለኝ አይባልም። በሦስት ወር አንዴ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሱትና ትራያል ባላንሱን ከዋናው ጋር አስተያዩ። ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉ፤ አደጋ ቢደርስ ለስንት ሰዓት ሥራ እንደምታቆሙ የሚነግራችሁ ያ ቁጥር ነው።

ዊንዶውስ 10 ላይ ነን። ይቀጥል?

ማይክሮሶፍት የመደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ የተገኘ ቀዳዳ ግን አይደፈንለትም። የባንክ ክፍያና የሒሳብ ሥራ የሚሠራባቸውን ቅድሚያ ሰጥታችሁ ቀይሩ። አሮጌው ማሽን ዊንዶውስ 11ን የማይቀበለው ቲፒኤም 2.0 የሚባል ክፍል ስለሌለው ወይም ፕሮሰሰሩ ስላረጀ ነው። የተሰበረ ኮፒ መጫን መፍትሔ አይደለም። የሰበረው ሰው ከውስጡ ምን እንዳስቀመጠ አታውቁም፤ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ የሚለውም ለዚህ ነው። ደብዳቤ ብቻ ለሚጻፍበት ማሽን ነፃው ሊብራኦፊስ ከሊነክስ ጋር ይበቃል።

የቢሮው ፋይል ሁሉ በቴሌግራም ነው የሚዞረው።

ለመላላክ ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጥ አይሆንም። የዋጋ ዝርዝር አራት ጊዜ ተሻሽሎ ግሩፑ ውስጥ አራቱም ይገኛል፣ ሽያጭ ሠራተኛዋ ሦስተኛውን ከፍታ በአሮጌ ዋጋ ትሸጣለች። ፋይሉ አንድ የታወቀ ቦታ ይቀመጥ፤ በቴሌግራም የሚላከው የቦታው ሊንክ ይሁን። የፋይል ስም "የመጨረሻ" አይባል፤ ቀን ይኑረው። የለቀቀ ሠራተኛም በለቀቀበት ቀን ከግሩፑ ይውጣ።

የድርጅቱ ኢሜይል፣ የድረ ገጹ ስምና የማኅበራዊ ገጾቹ በሠራተኛ የግል ጂሜይል ተከፍተው እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩ። ሠራተኛው በሰላም እያለ ማዛወር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ተጣልቶ ከሄደ በኋላ ግን ንብረታችሁን ለማስመለስ ትለምናላችሁ።

ውል ውስጥ ምን እናስገባ?

ክፍያውን በሥራ አስሩት። ለምሳሌ ሲፈረም 20 በመቶ፣ የሥራ ሂደቱ ተጽፎ ሲጸድቅ 20፣ በራሳችሁ ዕቃና ደንበኛ ዝርዝር ተሞክሮ ሲያልፍ 30፣ የመጀመሪያው ወር በአዲሱ ሲስተም ሲዘጋ 20፣ ከስድስት ወር በኋላ 10። ሲፈረም 70 በመቶ የከፈለ ድርጅት ችግር ሲገጥመው የሚይዘው ነገር የለውም።

ከሲስተሙ ስትወጡ እንዴት እንደምትወጡም ይጻፍ። ዳታው የእናንተ መሆኑ፣ በማንኛውም ጊዜ በኤክሴል ሙሉውን ማውጣት መቻላችሁ፣ የዳታቤዙ ዋና ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ መቀመጡ። በየስድስት ወሩ ፖስታው ተከፍቶ ይሞከር፤ ብዙ ጊዜ ፓስወርዱ ተቀይሮ ፖስታው ግን አሮጌውን ይዞ ይገኛል። የደንበኞችና የሠራተኞች የግል መረጃ ስላለበትም፣ በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እናንተንም ሻጩንም እንደሚመለከት አትርሱ።

ከእኛ ወገን ፕሮጀክቱን ማን ይምራው?

የአይቲ ሠራተኛው ብቻውን አይምራው። "ከካርቶን በታች አንሸጥም" ብሎ ሽያጭ ክፍልን ማዘዝ አይችልም። የሚመራው ሥራውን የሚያውቅና "አይሆንም" ሲል የሚሰማ ሰው ነው፤ በአብዛኛው የሒሳብ ኃላፊው ወይም ምክትል ሥራ አስኪያጁ። ከመደበኛ ሥራው ላይ በሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን ይነሳለት፤ ያ ካልተደረገ ማታ ማታ ይሠራዋል፣ በሁለተኛው ወርም ይተወዋል። ባለቤቱ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በቋሚ ቀን፣ ውሳኔ የሚጠብቁ ነጥቦች ተጽፈው ይቅረቡለትና እዚያው ይወስን። ስቶር ኪፐሩም ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይጠራ። ሥልጠናው የሚሰጠውም በሠርቶ ማሳያ ዳታ ሳይሆን በራሱ ዕቃ ይሁን፤ 35ቱን ካርቶን ራሱ ያስወጣ፣ ስክሪኑ ላይ 50.40 ሲቀነስ በዓይኑ ይይ።